ኖኬሌ የመጣው አውሮፕላን

ኖኬሌ ደሴት፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ እዮብ፣

አንተም እቴቴ አልታየሽም በጤና ከርማችሁ ይህ ደብዳቤ ያግኛችሁ። እኔ ደህና ነኝ። ስልኩ እየተቆራረጠ ከምንጯጯህ በኢሜይል ረጅም ደብዳቤ እንጻጻፍ ማለትህን ወድጄዋለሁ። እዚህ ኢንተርኔቱ የሚሠራው ሰማዩ ሲጠራ ነው፤ ዝም ካልኩ ዝናብ ነው ብለህ እለፈው።

መሥሪያ ቤትህ የዚህን አገር፣ የቫላሙኣን፣ የአሥር ዓመት የጤና ዕቅድ የማዘጋጀቱን ሥራ አሸነፈ፣ አንተም «እህቴ እዚያ ሐኪም ናት» ብለህ ቡድኑ ውስጥ ገባህ ብለህ ስትጽፍልኝ እልልታዬን አቅልጬ ነርሶቹን አስደነገጥኳቸው። እዚህ ከመጣሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከውጭ የመጣ ባለሙያ ሁሉ ዋናው ከተማ ሆቴል አድሮ፣ ሚኒስትሩን ጨብጦ ይመለሳል እንጂ ኖኬሌ ድረስ የዘለቀ የለም። አሁን ግን ዕቅዱን የሚጽፈው ያሳደግኩት ወንድሜ ነው! ካምደን ቢሮህ ቁጭ ብለህም ቢሆን ጻፈው፤ ዓይንህ እኔ ነኝ።

«ካለሽበት ዋናው ከተማ ሩቅ ነው ወይ?» ብለሃል። ካርታህ ላይ ጣት አይሞላ ይሆናል። ሎሳ ያለችው ሌላ ደሴት ላይ ነው። ባሕሩ ሲረጋ ጀልባዋ ማታ ተነስታ በማግስቱ ምሽት ትደርሳለች። ከኅዳር እስከ መጋቢት ያለው የማዕበል ወቅት ነው፤ ያኔ አትመጣም። ስኳር ሲያልቅ ዝም ብለን እንጠብቃለን። የታመመ ሰው ግን እንደ ስኳር አይጠበቅም።

«ኦፕሬሽን ክፍሉስ በወር ምን ያህል ሰው ይታከምበታል?» ላልከው፣ ጥቂት ሰው ነው። ብዙውን ጊዜ ምጥ የጸናባቸው እናቶች፣ አልፎ አልፎ ሆዱ የቆሰለ፣ በሞተር የተቆረጠ ዓሣ አጥማጅ። ሐኪም እኔ ብቻ ነኝ። ሉሲያ የምትባል ጎበዝ ነርስ አለች። ሲሻው የሚሠራ ጄኔሬተርም አለን። ጥያቄህ ግን አልጣመኝም፤ እውነቱን ልንገርህ። ጃንጥላህን በበጋ ስንት ቀን ዘረጋሁት ብለህ ቆጥረህ ትጥለዋለህ? ለንደን ለሚኖር ሰው ይሄ አይነገረውም።

እስኪ ደግሞ የምሥራች ልንገርህ። ቋንቋቸውን የምታስተምረኝ፣ ከታካሚዎች ጋርም የምታግባባኝ መምህርት ማሊያ አርግዛለች፤ ስድስተኛ ወሯን ይዛለች። ከባሏ ከሴሚ ጋር ስንት ዘመን ልጅ ሲጠብቁ ነው የኖሩት። ሴሚ ዓሣ አጥማጅ ነው። ከሰማ ጀምሮ ካጠመደው ሁሉ ትልቁን ዓሣ ለእኔ ያመጣል፤ ያስረገዝኳት እኔ ይመስል።

እቴቴን ሳምልኝ።

እህትህ ሐረገወይን


ስትሪትሃም፣ ለንደን፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ሐረግ፣

ከሰላምታው በፊት ይቅርታውን ላስቀድም። የዕቅዱን ድራፍት ሚኒስቴሩ እንደላከልሽ አላወቅኩም ነበር። ከሰው እጅ አግኝተሽ ከምታነቢው እኔው ቀድሜ ልነግርሽ ይገባ ነበር። «የኖኬሌ ኦፕሬሽን ክፍል ይዘጋ የሚለውን ማን ነው የጻፈው?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ነኝ።

ከመናደድሽ በፊት ስሚኝ። ጁልያን፣ አለቃዬ ማለት ነው፣ ገና በመጀመሪያው ሚቲንግ የነገረን አንድ ነገር ነው፦ ገንዘቡ ትንሽ ነው፣ ደሴቶቹ ብዙ ናቸው፣ ሁሉ ቦታ ደካማ ነገር ከመዘርጋት አንድ ጠንካራ ሆስፒታል ሎሳ ላይ ይሻላል። በየደሴቱ ነርስ ይኖራል። ነርሷ በቪዲዮ ሎሳ ካለው ሐኪም ጋር ትነጋገራለች። ከባድ ሕመም ሲመጣ ደግሞ በጀልባ ወይም በአውሮፕላን ይወሰዳል። ቁጥሩን ደጋግሜ ቼክ አድርጌዋለሁ። ለአንቺ ኦፕሬሽን ክፍል የሚወጣው ለሎሳ ቢሆን ብዙ ሰው ይድንበታል። ይሄ ክፋት አይደለም እትዬ፣ ፕላኒንግ ነው።

ደግሞስ አንቺ ኮንትራትሽ ያልቃል። ከዚያ በኋላ እዚያ ማን ነው ቢላዋ የሚይዘው?

እቴቴ አልታየሽ ደህና ናት። እዚሁ ለንደን፣ ኤድመንተን ያለው ቤቷ ሁልጊዜ እንደሞላ ነው። አክስታችን ሳትሆን የወለደችሽ ይመስል፣ ለመጣው ሁሉ ፎቶሽን እያሳየች «ይቺ ልጄ ባሕር ማዶ፣ ከባሕሩም ማዶ ነው ያለችው» ትላለች። መቼ ነው የምትመጣው በላት ብላኛለች።

እዮብ


ኖኬሌ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

እዮብ፣

«ከመናደድሽ በፊት» ትላለህ? ተናድጄ ጨርሼ ነው የምጽፍልህ። አይ፣ አልጨረስኩም።

በአውሮፕላን ይወሰዳል ያልከውን ደጋግሜ አነበብኩት። የቱ አውሮፕላን? እዚህ አውሮፕላን ሲያርፍ ያየሁት አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም ሚኒስትሩን ይዞ ነበር። በጀልባ ላልከውም ባለፈው ጽፌልሃለሁ፤ ሳታነበው ነው ወይስ አንብበኸው? ወዳንተ ዕቅድ ማዕበል አይመጣም መሰለኝ። ቪዲዮውንም ቢሆን አልጠላሁትም፤ ብዙ ነገር ይረዳል። ግን በስክሪን ማኅፀን አይሰፋም።

ጭራሽ በአጭር መልእክትህ «የለንደንን ሆስፒታል እዚያ እንትከልልሽ ወይ?» ብለህ ታሾፍብኛለህ። ማን ጠየቀህ? እኔ ጎዴ ስሠራ ምን እንደነበር ረሳኸው? ሐኪም ወደ ገጠር አልሄድ ሲል አገራችን ጤና መኮንኖችን ቀዶ ሕክምና አስተማረች። ያስተማርኳቸው እኔና ጓደኞቼ ነን። በየወረዳው ሆስፒታል ስንት እናት በእነሱ እጅ ተርፋለች! ሉሲያም ይህን ትችላለች። እጇ ከእኔ እጅ የጸና ነው። የሚያስተምራትና ትምህርቷን «ትምህርት ነው» ብሎ የሚያውቅላት መንግሥት ነው የጠፋው። እሷንና አንድ ሌላ ነርስ አሠልጥኑ፣ ጣሪያው ላይ ሶላር ትከሉ፣ አውሮፕላን የምትሉት ነገር ካለም ለሁሉም ይሁን። ይኸው ነው ልመናዬ። ኮንትራቴ ሲያልቅ ቢላዋውን ማን ይይዛል ላልከው መልሱ ይሄ ነው። አንተ ግን ጥያቄውን ሳትጨርሰው ክፍሉን ዘጋኸው።

«ፕላኒንግ ነው» የምትለዋን ነገር ተዋት። እናታችን ስትሞት ወረዳው ጤና ጣቢያ ሐኪም ያልነበረውም ፕላኒንግ ነው ብሎ የጻፈ ሰው ስለነበረ ነው። አንተ ሕፃን ነበርክ፣ አታስታውሰውም። እኔ አስታውሰዋለሁ።

ማሊያ ደህና ናት። ሆዷ ገፍቷል። ልጁ ግን አልተመቻቸም፤ በአግድም ተኝቷል። እስክትወልድ ከዓይኔ አላርቃትም። ወደ ሎሳ ትሂድ እንዳልል ጀልባዋ ከቆመች ሰነበተች።

ሐረገወይን


ስትሪትሃም፣ ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፣

በደህናሽ ነው? ገና አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ፣ አንቺ ዝም። ዝናብ ነው ብዬ እንዳላልፈው የደሴቲቱን የአየር ሁኔታ በየቀኑ አየዋለሁ፤ ሰማዩ ጠርቷል ይላል። ተቀይመሽኝ ከሆነ ተቀየሚኝ፣ ግን «ተቀይሜሃለሁ» ብለሽ ጻፊልኝ። እቴቴ ትጠይቀኛለች፣ ውሸት አለቀብኝ።

መምህርቷስ ወለደች?

እዮብ


ኖኬሌ፣ የካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

እዮብዬ፣

አልተቀየምኩህም። ትንሽ አሞኝ ነበር፤ አሁን ድኛለሁ። ለጥቂት ጊዜም ከደሴቲቱ ወጥቼ ስለነበር መልእክቶችህን ያገኘሁት ስመለስ ነው። ለእቴቴ «ሥራ በዝቶባት ነው» በላት። መታመሜን እንዳትነግራት፤ ኪዳነ ምሕረትን በስለት ታስጨንቃታለች።

ስለ ማሊያ ጠይቀሃል። ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ።

ሐረገወይን


ካምደን፣ መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ሐረግ፣

ከቢሮ ነው የምጽፍልሽ፣ ቶሎ ልንገርሽ ብዬ። መዳንሽን ስሰማ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ምን እንደነበረ ባትነግሪኝም።

«ስለ አውሮፕላኑ ማስረጃህ ምንድን ነው?» ብለሽ ባለፈው አጭር መልእክት ሰደሽልኝ ነበር። ይኸውልሽ ማስረጃው። አውሮፕላኖቹን የሚያሠማራው ድርጅት ሪፖርቱን ላከልን። ጥር ላይ፣ በማዕበሉ ወቅት፣ ከራሷ ከኖኬሌ አንድ ሕመምተኛ ትርፍ አንጀቱ ሊፈነዳ ሲል በዚያው ዕለት ተወስዶ፣ ጎረቤት አገር ኦፕሬሽን ተደርጎ ድኗል! ስም አልተጻፈም። ሰው ድኗል ግን እትዬ! የምትሠሪው እዚያው ስለሆነ ሳታውቂው አትቀሪም፤ ለምን እንዳልነገርሽኝ ገርሞኛል።

ታሪኩን አሳምሬ ጽፌ በዕቅዱ መጀመሪያ ገጽ ላይ፣ ለብቻው በመስመር በተከበበ ሣጥን ውስጥ አስገባሁት። «ርቀት ሲሸነፍ» የሚል ርእስ ሰጠሁት። ጁልያን በጣም ወደደው፤ ገንዘብ ሰጪዎቹም በተለይ እሱን አንስተው አመስግነዋል። ሚያዝያ ላይ የቫላሙኣ የጤና ሚኒስትር ዴኤታ ለንደን ትመጣለች። ያኔ ዕቅዱን አቅርበን እናስጸድቃለን። አቅራቢው እኔ ነኝ።

አየሽ፣ አውሮፕላኑ ይመጣል።

ወንድምሽ


ኖኬሌ፣ መጋቢት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

እዮብ፣

ሣጥን ውስጥ ያስገባኸው ሰው እኔ ነኝ።

አዎ፣ እኔ። ላልነግርህ ነበር ያሰብኩት። እንዲህ አሳምረህ ከጻፍከው ወዲያ ግን ዝም ብል ማሊያን ሁለተኛ መግደል ነው። ተቀምጠህ አንብበው።

ሆዴን ያመመኝ አውሮፕላኑ በመጣበት ዋዜማ ነው። ትርፍ አንጀት መሆኑን ወዲያው አወቅኩት። ከእኔ በቀር ደግሞ የሚቀድ ሰው የለም። ሉሲያ ወደ ሎሳ ደወለች፤ ሎሳ ደግሞ በኮንትራቴ ኢንሹራንስ እንዳለኝ አስታውሰው ለድርጅቱ ደወሉ። የውጭ ባለሙያ ነኛ። እኛን የሚያነሳ አውሮፕላን አለ፤ የአገሩን ሰው የሚያነሳ ግን የለም። ይህን እስከዚያች ቀን ድረስ ልብ ብዬው አላውቅም ነበር።

አውሮፕላኑን ስንጠብቅ ሴሚ ማሊያን ተሸክሞ ገባ። ምጧ መጥቷል፤ ልጁ እንደተጋደመ ነው፤ ክንዱ ወጥቷል። እንዲህ ሲሆን ከመቅደድ ሌላ መንገድ የለም። ሉሲያን አዘጋጂ አልኳት። ታጥቤ፣ ጓንት አጥልቄ ቆምኩ። ቢላዋውን አነሳሁ፤ ከዚያ ወዲያ የማስታውሰው የወለሉን ቅዝቃዜ ነው። ወድቄ ነበር።

ስነቃ በቃሬዛ ሜዳው ላይ ነኝ፤ አውሮፕላኑ አርፏል። ማሊያንም ሉሲያና ሴሚ በሌላ ቃሬዛ አጠገቤ አምጥተዋታል። በሩ ተከፍቶ ውስጡን አየሁት። ሁለት አልጋ አለው፣ እዮብ። ሁለት! አብራ የመጣችውን የአውሮፕላን ነርስ «እሷን አስቀድሚ፣ እኔ እቆያለሁ» አልኳት።

«ፈቃድ ያለኝ ለአንቺ ብቻ ነው» አለችኝ።

«እሺ ሁለታችንንም። ሌላው አልጋ ባዶ ነው!»

ልጅቷ ክፉ አይደለችም። በሬዲዮ ደውላ ጠየቀች። ከወዲያ የሚመልሰው ሰው ድምፁ ረጋ ያለ ነው፤ ከነጨዋነቱ። «ሁለተኛዋ ሕመምተኛ የኛ አባል ናት?» አለ። እኔ ጮኼ «ሰው ናት!» አልኩ። «በጣም አዝናለሁ» አለ። «በጣም አዝናለሁ» ማለትን ከየት ነው የሚማሩት? ትምህርት ቤት አለው?

ማሊያ እንግሊዝኛ ታውቃለች። የተባለውን ሁሉ ሰማች። እጄን ያዘችና በእነሱ ቋንቋ አንድ ነገር አለችኝ። ከምጡ ጋር ስለተናገረችው አልገባኝም። ስንት ዓመት ሙሉ ሁሉን ነገር እያስረዳችኝ፣ ያቺን ብቻ ሳታስረዳኝ ቀረች። እኔ ከቃሬዛው ልወርድ ስታገል ነርሷ መርፌ ወጋችኝ። የነቃሁት ሌላ አገር፣ ነጭ አንሶላ ላይ ነው።

የኖኬሌን ብቸኛ ቀዳጅ ሐኪም ይዘው፣ መቀደድ የሚያስፈልጋትን እናት ትተው ሄዱ። ለምን ብሎ የጠየቀ የለም፤ ሁሉም ነገር በሕጉ መሠረት ነው የሆነው።

ሴሚና ጓደኞቹ በዚያ ማዕበል በዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ወደ ሎሳ ወሰዷት። ጀልባዋ ሎሳ ደረሰች። ማሊያ መንገድ ላይ ሞተች። ከልጁ ጋር እዚያው ነው የተቀበሩት።

ርቀት ሲሸነፍ አልክ? ርእሱን አንሳው። እኔንም ከሣጥንህ አውጣኝ።

ሐረገወይን


ስትሪትሃም፣ መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፣

ደብዳቤሽን ያነበብኩት አውቶቡስ ላይ ነው። መውረጃዬ አልፎ የመጨረሻው ፌርማታ ድረስ ሄድኩ። ሾፌሩ ነው ያስወረደኝ። ስለ አንቺ መታመም፣ ስለ ማሊያ፣ ስለ ራሴ፣ በምን ልጀምር? «አዝናለሁ» የሚለውን ቃል ያ ሰውዬ በሬዲዮ አበላሽቶብኛል። ስለዚህ ያደረግኩትን ብቻ ልንገርሽ።

በማግስቱ ጁልያን ቢሮ ገባሁ። «ሣጥኑ ይውጣ» አልኩት። «ለምን?» አለ። «ሕመምተኛዋ እህቴ ናት።»

ደነገጠ። ወንበር ሰጠኝ፣ ውኃ ቀዳልኝ። «አሁን ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

«እንግዲያው ሣጥኑ እውነት ነው» አለኝ።

እየቀለደ አይደለም እትዬ። ስለ ማሊያ ነገርኩት፤ አልጋው ባዶ እንደነበረም ነገርኩት። በጥሞና አዳመጠኝ፣ አንገቱን ነቀነቀ፣ «አሳዛኝ ነው፤ ግን አንድ ታሪክ ዳታ አይሆንም» አለ። «የእህቴ መዳንስ ስንት ታሪክ ነው?» አልኩት። ከሰዓት በኋላ ዕቅዱን የሚያቀርብ ሌላ ሰው እንደተመደበ ኢሜይል ደረሰኝ። ከስብሰባው ግን አላስቀሩኝም፤ ከኋላ መቀመጥ እችላለሁ።

እኔ ልናገር ነው። «ምን ልታደርግ ነው?» ብለሽ ሳትጠይቂኝ በፊት ይኸው ነገርኩሽ። ስምሽን ለመጥራት ፈቃድሽን እፈልጋለሁ። ሐኪም ሆነሽ ይህን ማውጣትሽ ኮንትራትሽን ሊያስነካብሽ ይችላል።

እዮብ


ኖኬሌ፣ መጋቢት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጥራው። ግን የእሷን ስም አስቀድም። ማሊያ መምህርት ናት በል፣ «አንዲት እናት» እንዳትላት።

ሴሚን ጠይቄዋለሁ። «ይናገር» ብሏል።

ሐረገወይን


ስትሪትሃም፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ሐረግ፣

«እንዴት ሆነ? ቶሎ ጻፍልኝ» ብለሽ ስትወተውቺኝ ዝም ያልኩሽ ምን እንደሚወጣ እኔም ስላላወቅኩ ነው። አሁን ለይቶለታል።

ስብሰባው እዚሁ ካምደን፣ በተከራየነው አዳራሽ ነበር። ገንዘብ ሰጪዎቹ በአንድ ወገን፣ የቫላሙኣ ሰዎች በሌላ ወገን። ሚኒስትር ዴኤታዋ ወይዘሮ ቴኣ ይባላሉ፤ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ዝምተኛ ሴት ናቸው። አቅራቢው «ርቀት ሲሸነፍ» የሚለው ጋ ሲደርስ ተነሳሁ። ጁልያን «እዮብ፣ ጥያቄ መጨረሻ ላይ ነው» አለኝ። «ጥያቄ የለኝም» አልኩና ቀጠልኩ። ድምፄ እንዳሰብኩት አልወጣም። ግን እንዳልሽው የእሷን ስም አስቀደምኩ። ከዚያ ያንቺን። ከዚያ የአውሮፕላኑን ነገር።

ስጨርስ ወይዘሮ ቴኣ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሁለት አልጋ ነበረው?»

«ሁለት።»

«አንዱ ባዶ?»

«አዎ፣ ባዶ።»

«ማሊያን ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ» አሉ፤ ለእኔ ሳይሆን ለሁሉም። «ከሹመት በፊት ኖኬሌ መምህር ነበርኩ። እንዴት እንደሞተች እናውቃለን፤ ቀብሯ ላይ ነበርኩ። አውሮፕላኑ የሚይዘው አንድ ሕመምተኛ ብቻ ነው ተብሎ ነው የተነገረን። ባዶ አልጋ እንደነበረ የነገረን ግን የለም። እናንተ ደግሞ ይህንኑ የደስታ ታሪክ አድርጋችሁ ጻፋችሁት።»

ከገንዘብ ሰጪዎቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠርጎ ዕቅዱ በዚህ ወር ካልጸደቀ ገንዘቡ ለሌላ አገር ሊዞር እንደሚችል በትሕትና አሳሰበ። በትሕትና! እሳቸውም በትሕትና መለሱለት፦ «እንግዲያው ይዙር። ሕዝቤን ለመተው ገንዘብ አያስፈልገኝም፤ በነጻ መተው እችላለሁ።» ሰነዱን ዘግተው ወደ ጁልያን ገፋ አደረጉት። ሰዎቻቸው ተከትለዋቸው ወጡ።

እኔን በሁለተኛው ቀን አሰናበቱኝ። ማንም አልጮኸብኝም። መታወቂያዬን ተቀበሉኝና በሩን ከፈቱልኝ።

የባሰው ያለው ኤድመንተን ነው። ለእቴቴ ከሥራ መሰናበቴን ስነግራት «ላላየኸው ደሴት ብለህ!» ብላ ጮኸችብኝ። ያንቺን ነገር ስነግራት ግን ጩኸቷ ወደ አንቺ ዞረ። «ልጄ ሆዷ ተቀዶ ለእኔ አይነገረኝም? እኔ የማን ነኝ?» አለች። ደውዪላት፤ ካልደወልሽላት ተሳፍራ ትመጣለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ያቺ ልጅስ እናት አላት?» ብላ ስለ ማሊያ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሁለታችሁንም ስም በጸሎት አንድ ላይ አስጠራች፤ ካህኑ «ማሊያ» የሚለውን ሲጠሩ ቸግሯቸው ነበር።

ገንዘቡ ዞረ ወይስ ቀረ፣ እስካሁን አልታወቀም። ወይዘሮ ቴኣ ግን ከመሄዳቸው በፊት ደውለውልኛል። ዕቅዱን ራሳቸው ሊጽፉት ነው፤ የጎዴውን ሥልጠና እንዴት እንዳደረጋችሁት ከአንቺ ይሰማሉ፣ ቁጥሩን እኔ ከዚህ አያለሁ። እስከዚያው አንድ ሆስፒታል የቀጠሮ ክፍል ሥራ አፕላይ አድርጌ ገብቻለሁ። ቀኑን ሙሉ ሰው እየደወለ ቀጠሮዬ ለምን ራቀ ብሎ ይቆጣኛል። እውነቱን ነው እላለሁ በሆዴ።

እዮብ


ኖኬሌ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ወንድሜ እዮብ፣

ለአንተም ለእቴቴም ጤናውን ያብዛላችሁ። እሷ በየሳምንቱ ስለምትደውልልኝ አሁን የኖኬሌን ዝናብ ከእኔ በላይ ታውቀዋለች። «የኦፕሬሽን ክፍሉ ምርቃት እንዴት ነበር?» ብለህ ጠይቀሃል። ተረጋግቼ ልጻፍልህ ብዬ ነው የቆየሁት። አልተረጋጋሁም።

ከገንዘቡ የዞረው ዞሯል፣ የቀረው ቀርቷል። በቀረው ጣሪያው ላይ ሶላር ተተከለ፣ ክፍሉ ታደሰ። ሉሲያ የመጀመሪያውን የሥልጠና ዙር ጨርሳ ተመልሳለች። እኔ ኮንትራቴን አራዝሜያለሁ፤ ሁለተኛዋ ነርስ እስክትመለስ። የአውሮፕላኑም ውል ተቀይሯል፤ ማን እንደሚሳፈር የሚወስነው እዚህ ያለው ሐኪም ነው። መልካም ነው። ግን ለዚህ ማመስገን ይጠበቅብኛል ወይ? ሰው ቢሰርቅህና የሰረቀህን ግማሹን ቢመልስልህ ታመሰግነዋለህ?

ገንዘብ ሰጪዎቹ ለምርቃቱ በመርከብ መጡ። ለመርከብ ሲሆን ማዕበል የለም! ትልቅ ጨርቅ ላይ የራሳቸውን ስም ጽፈው ሰቀሉ። የታተመው መጽሔት ላይ የቀድሞ መሥሪያ ቤትህ ስም አለ፤ «በምክር ላገዙን» ተብሎ። ያንተን ፈለግኩት፣ የለም። የማሊያም የለም። ይልቁንስ ሴሚ መጥቶ ሪባኑን እንዲቆርጥ ፈልገው ነበር፤ ፎቶ ሊያነሱት። ጠሪው ሲሄድበት ሴሚ መረቡን እየጠገነ ነበር አሉ። «ሚስቴን ተሸክሜ ስመጣ እጃችሁ ባዶ ነበር፤ ዛሬ መቀስ ይዛችሁ መጣችሁ?» ብሎት ጀልባውን ገፍቶ ወደ ባሕር ወጣ።

ስለዚህ ሪባኑን ኦፕሬሽን ክፍሉ በር ላይ ገትረው ሌላ የክብር እንግዳ መጠበቅ ጀመሩ። እንግዳው ልብስ እየቀየረ ነበር። እኔም ንግግር እንዳደርግ ወረቀት ሰጥተውኛል፤ ሌላ ሰው የጻፈው ወረቀት። በዚህ መሐል ከታች ከወደቡ ጩኸት ሰማን። ሴሚ ነው። ከባሕሩ ድንጋዮች ማዶ ካለ መንደር ምጥ የጸናባትን ልጅ በጀልባው አምጥቷታል። እሱ ከፊት፣ ወንድሟ ከኋላ ሆነው በቃሬዛ ተሸክመዋት እየሮጡ መጡ።

የሥነ ሥርዓቱ ኃላፊ በሩ ላይ ቆመና «ትንሽ ይታገሱ፣ እንግዳው እየመጡ ነው» አለ። ማመን አቃተኝ። «ዞር በል!» ብዬ የጮኽኩት በአማርኛ ነው፤ በየትኛውም ቋንቋ ይገባል። ሴሚ ግን ሰውዬውንም እኔንም አላየም፣ ሪባኑንም ያየው አይመስለኝም። ቃሬዛውን ይዞ ዝም ብሎ ሄደበት። ደረቱ ላይ ተበጠሰ። ቀዩ ጨርቅ እየተጎተተ አብሮት ገባ፤ ሉሲያ ከትከሻው ላይ አንስታ ጣለችው።

ቢላዋውን የያዘችው ሉሲያ ናት። እኔ ከአልጋው ማዶ ቆሜ ነበር፤ እጄን ማስገባት አላስፈለገኝም። ከውጭ ንግግሩ ቀጥሎ ነበር፤ ጭብጨባ ይሰማናል። መሐል ላይ አንድ ሰው በሩን አንኳኩቶ ለፎቶ እንድወጣ ጠየቀኝ። «ልብሴ ደም ነው። እንዲሁ እወጣላቸዋለሁ፣ ይፈልጋሉ ወይ በላቸው» አልኩት። አልተመለሰም።

ሕፃኗ ሴት ናት። ስትወጣ ዝም አለች፣ ኋላ ግን እንዴት እንደጮኸች! ውጭ ያሉት መዝሙሩን አቋረጡ።

ስወጣ እንግዶቹ ወደ ምሳቸው ሄደዋል። ሴሚ ደረጃው ላይ ብቻውን ተቀምጧል። «ግባና ሕፃኗን እያት» አልኩት። አልተነሳም።

«እናቲቱስ?» አለኝ።

«ደህና ናት።»

ባሕሩን አየ። ከዚያ እንደገና ዞሮ፣ ያልነገርኩት ይመስል፣ «እናቲቱስ?» አለኝ።

አጠገቡ ተቀመጥኩና እንደገና ነገርኩት።

እህትህ ሐረገወይን